መዝገቡን ማን ያየዋል?

የዛሬው ርእሳችን ቡና ላይ በሹክሹክታ ካልሆነ ጮክ ተብሎ የማይወራ ነው፤ ሪከርድ። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲያዝ ካውንቲው ምን ይጽፋል? ዋራንት፣ ማለትም የመያዣ ትእዛዝ፣ ሲወጣበትስ የት ይታያል? ያንን መዝገብ የማየት መብት ያለውስ ማን ነው? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ለፍተው የሚያድሩ ሰው አሉ። በ2014 ሜሪላንድ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሰበብ ከጎረቤታቸው ጋር ቃል ተመላለሱ። ጎረቤትየው ‘ገፈተረኝ’ ብሎ ከሰሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ፖሊስ በራቸውን አንኳኳ። ጋሼ ተወሰዱ፣ አሻራ ሰጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ በራሳቸው ዋስ ተለቀው ለእራት ቤታቸው ገቡ። በቀጠሮው ቀን ከሳሽ ሳይመጣ ቀረ። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ ሁለት የላቲን ቃላት ተናገረ፣ ዳኛዋ ‘መሄድ ይችላሉ’ አለቻቸው። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ ‘ተመስገን’ ብለው ወጡና የተሰጣቸውን ወረቀት እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመሩት።

ዓመታት አለፉና ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀረቡ። ቅጹ ላይ ‘ታስረህ ታውቃለህ?’ ለሚለው ጥያቄ ‘የለም’ ብለው ሞልተዋል። መዋሸታቸው አልነበረም። እሳቸው በሚያውቁት አማርኛ የታሰረ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል፤ እሳቸው ደግሞ አላደሩም። ጠያቂዋ ግን ኮምፒዩተሯን አየት አድርጋ ‘በ2014 ምን ሆነው ነበር?’ አለቻቸው። ጋሼ ላብ አጠመቃቸው። ‘የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዘው ይምጡ’ ተብለው በቀጠሮ ተመለሱ። ማታውኑ ደወሉልኝ።

‘ወረቀቱ የት አለ ጋሼ?’

‘የቱ ወረቀት?’

‘ክሱ የተዘጋበት።’

‘ከተዘጋ ወዲያ ምን ያደርግልኛል ብዬ? ጣልኩታ!’

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር አለ። እኛ ‘ታሰረ’ ስንል ገባ፣ አደረ፣ ከረመ ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛው ‘አሬስት’ ግን ለ‘ተያዘ’ ነው የሚቀርበው። ፖሊስ በቁጥጥሩ ሥር ካዋላችሁ ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠራል፣ ብታድሩም ባታድሩም። ክስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው፣ ጥፋተኛ መባልም ሌላ፣ ቅጣትም ሌላ። እኛ አራቱንም ‘ሪከርድ አለበት’ ብለን አንድ ጆንያ ውስጥ እንከታቸዋለን። የአንዲት እናት ልጅ ተይዞ በማግስቱ ሲለቀቅና የሌላዋ ልጅ አምስት ዓመት ሲፈረድበት ለሰፈሩ ወሬ አንድ ነው። መዝገቡ ግን ለየብቻ ነው የሚይዛቸው፣ ጸሐፊዎቹም የተለያዩ ናቸው።

ፖሊስ ሰውየውን ለምን እንደያዘው ሪፖርት ይጽፋል። የካውንቲው እስር ቤት የገባበትን ሰዓት፣ የተጠረጠረበትን ነገርና ፎቶውን ይመዘግባል፤ ቡኪንግ የሚባለው ይህ ነው። እስር ቤቱን በብዙ ስቴቶች የሚያስተዳድረው ሸሪፉ ነው፤ ሸሪፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሰው ነው። የክሱን ፋይል የሚይዘው የፍርድ ቤቱ ክለርክ ነው፣ አገር ቤት ሬጅስትራር የምንለው ዓይነት። አሻራው ደግሞ በስቴቱ በኩል አልፎ ኤፍ ቢ አይ ዘንድ ይደርሳል። ጋሼ በዚያች ግማሽ ቀን ውስጥ አራት ቦታ ተጽፈዋል። አንዷን ወረቀት ሲጥሉ ሁሉም የተጣለ መሰላቸው።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ለየት ያለ ነገርም አለ፤ ለጋሼ መያዝ መነሻው እሱ ነው። ማንም ተራ ሰው፣ ፖሊስም ሳይሆን፣ ኮሚሽነር የሚባለው የፍርድ ቤት ሹም ዘንድ ሄዶ ‘እገሌ በድሎኛል’ ብሎ የወንጀል ክስ እንዲመሠረት ማመልከት ይችላል። ኮሚሽነሩ ጠበቃ መሆን አይጠበቅበትም፣ ሌሊትም በዓልም ሥራ ላይ ነው። በቂ ምክንያት አለ ካለ መጥሪያ ይወጣል፣ አንዳንዴም የመያዣ ትእዛዝ። ስለዚህ የጎረቤት ኩርፊያ በአንድ ምሽት የወንጀል መዝገብ ሊሆን ይችላል። ተያይዘን የምንኖር ሕዝብ ስለሆንን፣ በአንድ ቤዝመንት ሦስት ቤተሰብ የሚያድርበት ጊዜም ስላለ፣ ይህችን ነገር ልብ በሏት።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ገመና ለምን ለሕዝብ ይከፍቱታል? እኔም መጀመሪያ ሰሞን ‘ምን ዓይነት አገር ነው?’ ብያለሁ። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ከእናንተ መካከል በደርግ ጊዜ ስንቅ ተሸክሞ ከእስር ቤት እስር ቤት የዞረ አለ። ‘እዚህ የለም’ ተብሎ የተመለሰ አለ። ‘ስንቁን ይዘሽ ተመለሺ’ መባል ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ አለ፣ ላስታውሳችሁ አልፈልግም። እዚህ ብዙ ካውንቲዎች ዛሬ ማታ እስር ቤታቸው ውስጥ ያለውን ሰው ስም ዝርዝር በድረ ገጽ ያወጣሉ። ልጇ ያልገባላት እናት ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ የት እንዳለ፣ በምን እንደተያዘ፣ ዋሱ ስንት እንደሆነ ታያለች። ሕጉ መዝገቡን የከፈተው አሳሪው እንዲታይ ነው። የታሳሪው መታየት ተከትሎት የመጣ ዕዳ ነው።

ሕጎቹ ከየስቴቱ ታሪክ ነው የሚነሡት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጁላይ 4 ቀን 1966 የፈረሙት የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚያዝዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነው። ካውንቲዎች የሚተዳደሩት በየስቴታቸው ሕግ ነው። ቨርጂኒያ በ1968፣ ሜሪላንድ በ1970፣ ቴክሳስ በ1973 የራሳቸውን አውጥተዋል። ፍሎሪዳ ከእነዚህ ሁሉ ቀድማ በ1909 ጀምራለች። እግረ መንገዴን ላንሣው፣ በየዜናው ‘የፍሎሪዳ ሰውዬ እንዲህ አደረገ’ እየተባለ የሚሳቅባቸው ሰዎች ከሌላው ስቴት ሰው የባሱ ሆነው አይመስለኝም። እዚያ የፖሊስ ሪፖርትና ፎቶ ቶሎ ይወጣል፣ ጋዜጠኛው ጠዋት ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያነበዋል። የሌላው ስቴት ሰውዬ ጉድ መዝገብ ቤት ተቀምጧል።

የአደባባይ ፍርድ ለእኛም ባዕድ አልነበረም። በበላ ልበልሃ ዘመን ዳኛው ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ፣ አላፊ አግዳሚው ከቦ ይሰማ ነበር። ተከሳሹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተባለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ያ መንደር ፍርዱንም አብሮ ይሰማል። ሰውየው ነፃ ከወጣ እልል የሚልለትም ያው ሕዝብ ነው። ከዚያ ገበያው ይበተናል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ይረሳዋል።

አሜሪካኖቹም ለብዙ ጊዜ በዚሁ መርሳት ላይ ተማምነው ኖረዋል። መዝገቡ ክፍት ነው፣ ግን አቧራ የለበሰ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ለማየት ካውንቲው ድረስ ነድቶ፣ ተሰልፎ፣ ክለርኳን ለምኖ፣ የፎቶ ኮፒ ከፍሎ ነው። ማን ይደክማል? ይህ ድካም ራሱ ከለላ ነበር።

ከለላው እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳዩ ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ ነው። በ1972 የገና ገበያ ሰሞን ፖሊስ ‘ንቁ የሱቅ ሌቦች’ የሚል ጽሑፍ ከነፎቶ አዘጋጅቶ ወደ 800 ለሚሆኑ ነጋዴዎች አደለ። ከፎቶዎቹ አንዱ የአንድ ሰው ነበር፤ ተይዞ ተከሷል እንጂ ገና አልተፈረደበትም፣ ኋላም ክሱ ተዘጋ። የሚገርመው ሰውየው ራሱ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ‘ስሜን አጠፉት’ ብሎ ፖሊሶቹን ከሰሰ። ጉዳዩ ዋሽንግተን ድረስ ደረሰና በ1976 ተረታ። ፍርድ ቤቱ ስም መጉደፍ ብቻውን ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ነፃነት አይደለም አለ። ለእኔ ይህ ውሳኔ ቅር ይለኛል፤ ሕግ አዋቂ ስላልሆንኩ ቅሬታዬን ለራሴ ልያዘው።

ሁለተኛው በ1989 ነው። ጋዜጠኞች የአንድን ሰው ጠቅላላ የወንጀል ዝርዝር ከኤፍ ቢ አይ ጠየቁ። ክርክራቸው የዋዛ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ወረቀት በየካውንቲው ክፍት ከሆነ ድምሩ ለምን ይዘጋል? ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲጽፉ፣ በየፍርድ ቤቱ ተበትኖ በድካም የሚገኝ ወረቀትና በአንድ ኮምፒዩተር ተለቅሞ የተጠቃለለ የሰው ታሪክ አንድ አይደሉም አሉ። የተበተነው በተግባር እንደተሰወረ ነው፤ መሰብሰቡ ራሱ ያንን ስውርነት ያፈርሳል። ኤፍ ቢ አይ በዚያን ጊዜ ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዝርዝር ነበረው፣ ድምሩም ተዘግቶ ቀረ።

መንግሥት ድምሩን ሲዘጋ ግን ነጋዴው ከፈተው። ካውንቲዎቹ መዝገባቸውን ኮምፒዩተር ላይ ሲያወጡ መረጃ ሻጭ ኩባንያዎች እየለቀሙ አንድ ላይ ጫኑት። ከዚያም ብሶ የእስር ቤት ፎቶ ብቻ የሚለጥፉና ለማንሣት ገንዘብ የሚጠይቁ መጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዱ ጋ ከፍለህ ብታስነሣ ሌላው ጋ ይወጣል። ጆርጂያን የመሰሉ ስቴቶች ከ2013 ጀምሮ በሕግ ተነሡባቸው። የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ በ2020 ለሕዝብ ደኅንነት ካላስፈለገ በቀር ፎቶ መልቀቅ አቆመ። ካሊፎርኒያም ከ2022 ጀምሮ ፖሊስና ሸሪፍ በኃይል ባልተፈጸመ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይለጥፉ ከለከለች፤ እርግጥ የተወሰኑ ሁኔታዎች ተለይተው ተፈቅደዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ እኛው ሰፈር እንምጣ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዲሲ የሚሠራ፣ እሑድ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው በሳምንት ውስጥ ሦስት የፍርድ ቤት ሥርዓት ያቋርጣል። ሜሪላንድ ከ2006 ጀምሮ ኬዝ ሰርች የሚባል ነፃ ገጽ አላት፤ ስም ጽፎ የስቴቱን ፍርድ ቤቶች መዝገብ ማየት ይቻላል። ቨርጂኒያ ላይ ግን 38 ከተሞች ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ከተማ የተከፈተ ክስ የፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ዘንድ አይገኝም። ስካይላይን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ፖስታችሁ ‘ፎልስ ቸርች’ ቢልም ያላችሁት ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ‘ፎልስ ቸርች ፈልጌ አጣሁት’ ብሎ እፎይ ያለ ሰው አውቃለሁ። ዲሲ ካውንቲ የሚባል ነገር የላትም፣ ሱፐሪየር ኮርት ነው። አገሪቱ ከ3,100 በላይ ካውንቲዎችና አቻዎቻቸው አሏት፤ ሁሉንም በአንድ ቁልፍ የሚከፍት የሕዝብ መዝገብ የለም። ‘የማንንም ሪከርድ በ20 ዶላር’ የሚላችሁ ማስታወቂያ ያንኑ ከየካውንቲው የተለቀመና ብዙ ጊዜ ያረጀ ቅጂ ነው የሚሸጥላችሁ።

ስም ላይ ደግሞ የእኛ መከራ የተለየ ነው። እነዚህ መዝገቦች ሰውን የሚለዩት በስምና በልደት ቀን ነው። እንግዲህ አስቡት። አበበ ከበደ ዓለሙ የሚባል ሰው ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስሙ ከበደ ነው ወይስ ዓለሙ? አንዱ መሥሪያ ቤት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። ‘ፀሐይ’ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ መጨረሻዋ ‘ዋይ’ ናት ስትሉ ‘አይ’ ሆና ትገኛለች። ልደቱስ? የልደት ምስክር ወረቀት ያልነበረን ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 የተጻፈልን? አንዱ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተወለደበትን ዓመት ሳይቀይር ሞልቶ በሰባትና በስምንት ዓመት አርጅቷል። ስሙ አበበ ከበደ፣ ልደቱ ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰው ከዲሲ እስከ ሲያትል ስንት ይኖራል? አንዱ ጠጥቶ ሲነዳ ቢያዝ ሌላው ሥራ ሊከለከል ይችላል።

እዚህ ላይ ሕግ አለላችሁ። በ1970 የወጣው የፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ ሕግ ባክግራውንድ ቼክ የሚሠሩ ኩባንያዎችንም ይገዛል። ቀጣሪ በዚያ ሪፖርት ምክንያት ሊከለክላችሁ ሲያስብ፣ ከመከልከሉ በፊት የሪፖርቱን ቅጂ ሊሰጣችሁ ይገባል። ‘ይህ እኔ አይደለሁም’ ብላችሁ ለኩባንያው ስትጽፉ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም አለበት። ክሱ ሳያስቀጣ የቀረ መያዝ ደግሞ 7 ዓመት ካለፈው ሪፖርቱ ላይ መውጣት የለበትም፤ በዓመት 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚከፈልበት ሥራ ሲሆን ግን ይህ ገደብ አይሠራም። ስህተት መሆኑን ለማሳየት የአባትና የአያት ስማችሁን፣ መካከለኛ ስማችሁን፣ የኖራችሁበትን አድራሻ ሁሉ ጽፋችሁ ላኩ። ‘ሐበሻ ስም ይመሳሰላል’ ማለት ብቻውን አያሳምናቸውም። አሻራ ግን አይመሳሰልም፤ የራሳችሁን የኤፍ ቢ አይ ዝርዝር በ18 ዶላር ማስመጣት ትችላላችሁ።

ዋራንት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት። አንዱ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያውቀው ነው፤ ፖሊስ በመሐላ አስረድቶ፣ የሚያዘው ሰው በስም ተለይቶ፣ በቂ ምክንያት መኖሩ ታይቶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሳይፈጸም ለሕዝብ ቢታይ ተፈላጊው ይሸሻል፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ እስኪፈጸም ይደበቃል። ሜሪላንድ ላይ ያልተፈጸመ የመያዣ ትእዛዝ ፋይል በመደበኛው እስኪፈጸም ወይም 90 ቀን እስኪሞላው ለሕዝብ ዝግ ነው። ኬዝ ሰርች ላይ ስላላያችሁ የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ቤንች ዋራንት ነው፣ እኛን የሚያጠምደን ይኼኛው ነው። ቀጠሮ ቀርታችሁ ዳኛው ወንበሩ ላይ እንዳለ ያወጣዋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፖስታ ነው። ቤት ስንቀይር ለዘመድ ነግረን፣ ለባንክ ነግረን፣ ለኢሚግሬሽንም በ10 ቀን ውስጥ አድራሻ እንቀይራለን። ፍርድ ቤቱን ግን ማንም አይነግረውም፤ ከኢሚግሬሽንም ቢሆን አይሰማም። መጥሪያው አሮጌው ቤት ይሄዳል፣ አዲሱ ተከራይ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አንድ ላይ ይጥለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን የኋላ መብራታችሁ ተቃጥሎ ፖሊስ ያስቆማችኋል፣ ታርጋችሁን ያያል፣ ‘እስቲ ከመኪናው ውረድ’ ይላል። ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል።

አለብኝ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወደ ሸሪፍ ቢሮ ዘው ብሎ ‘ዋራንት አለብኝ?’ ማለት አለ፤ ካለ እዚያው ይይዟችኋል። ጠበቃ፣ አቅም ከሌላችሁም ፐብሊክ ዲፌንደር፣ መዝገቡን አይቶ ዳኛው እንዲያነሣው ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። ራሱ የመጣና በመንገድ የተያዘ ዳኛ ፊት አንድ አይደለም። በሌላ በኩል በስልክ ‘የጁሪ ግዴታህን ስላልተወጣህ ዋራንት ወጥቶብሃል፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል’ የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው። በስልኩ ላይ የሸሪፉ ቁጥር ቢታይም ሌባ ነው፣ የባጅ ቁጥር ቢነግራችሁም ሌባ ነው። የትኛውም ፍርድ ቤት በጊፍት ካርድ አይከፈለውም። አንዲት እናት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ሳይዘጉባት ከሱቅ ሱቅ አዙረዋታል፤ የከፈለችውን ስነግራችሁ አፍራለሁ።

ወደ መዝገብ ማሰረዝ እንሂድ፤ እዚህ ነው ብዙ ሰው ሳያውቅ ራሱን የሚጎዳው። ፔንሲልቬንያ በ2018 ክሊን ስሌት የተባለውን ሕግ አውጥታ መዝገብ በራሱ ጊዜ የሚታሸግበትን መንገድ ከሁሉም ስቴቶች ቀድማ ጀመረች። ሜሪላንድ ላይ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ በነፃ መለቀቅ ወይም ክስ በማንሣት የተዘጉ ጉዳዮች ከሦስት ዓመት በኋላ በራሳቸው ይሰረዛሉ። ከዚያ በፊት የተዘጋ፣ እንደ ጋሼ ያለው፣ በማመልከቻ ነው፤ ሳያስቀጣ ለቀረ ክስ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። ያ ጎረቤት ሊያየው፣ አከራይ ሊያየው የሚችለው ነገር ይጠፋል፤ ጥሩ ነው።

ኢሚግሬሽን ግን በዚያ በር አይገባም። እሱ የሚያየው በአሻራ ነው፤ እስር ቤት የሰጣችሁት አሻራ ከኤፍ ቢ አይ አልፎ እሱም ዘንድ ይነበባል። የዜግነት ቅጹም ‘መዝገቡ ቢሰረዝም እንኳ ተናገሩ’ ይላል። እንግዲህ ማስረጃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠፍቶ፣ ጥያቄው ሳይጠፋ ይቀራል። ስለዚህ ከማሰረዛችሁ በፊት ማኅተም ያለበትን የተረጋገጠ ቅጂ ውሰዱ። አንድ ተጨማሪ ወጥመድም አለ፤ ሜሪላንድ ላይ ‘ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት’ የሚባል አለ። ዳኛው ‘ይህ ጥፋተኝነት አይደለም’ ይላችኋል፣ በስቴቱ ሕግ እውነቱን ነው። ጥፋቱን አምናችሁ ቅጣት ነገር ከተጨመረበት ግን ኢሚግሬሽን እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጥረው ይችላል። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ይህን መዘዝ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል፤ ካልነገራችሁ እናንተው ጠይቁት። በጃንዋሪ 2025 የወጣው የሌከን ራይሊ ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ ገብተዋል ከሚባሉት ሰዎች መካከል በስርቆት ወይም ከሱቅ ዕቃ በማንሣት የተያዘውን፣ ገና ሳይፈረድበት፣ ኢሚግሬሽን እንዲያስረው ያዝዛል። ‘መያዝ ብቻውን ምንም አይደለም’ ብዬ ከዓመታት በፊት በዚህ ማይክ ተናግሬ ነበር፤ ያንን ቃሌን ዛሬ አንሥቻለሁ።

ጋሼን ይዣቸው ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመስታወት መስኮት፣ ከታች እንደ ባንክ ትንሽ ቀዳዳ። ክለርኳ ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት ናት። ‘የጉዳይ ቁጥር?’ የለም። ‘ስም?’ ጋሼ ስማቸውን ሲናገሩ ጻፈችው፣ አልመጣም። አንድ ‘ኤ’ ጨመረች፣ አልመጣም። የአባታቸውንና የአያታቸውን አገላብጣ ሞከረች፣ ልደታቸውንም አስገባች፤ ጃንዋሪ 1። ሦስት ሰው ወጣ። ጋሼ በመስታወቱ አጮልቀው ‘እኔ መኻለኛው ነኝ’ አሏት፣ በአማርኛ። እንዴት እንደገባት አላውቅም፣ መኻለኛውን ከፈተችው።

አንድ ገጽ ናት። ላይ የተከሰሱበት፣ መካከል ቀናቱ፣ ታች ውሳኔ በሚለው አንጻር ሁለቱ የላቲን ቃላት፣ ‘ኖሌ ፕሮሴኩዊ’፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አልቀጥልም አለ ማለት ነው። ክለርኳ አተመቻት፣ ጨብጣ በምትጫን ብረት ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ አሳበጠችው። ጋሼ በአውራ ጣታቸው እብጠቱን ዳሰሱት።

‘ስንት ቅጂ?’ አለች።

‘አንድ’ አሉ ጋሼ።

‘ሦስት’ አልኩ እኔ። ለምን ሦስት ብለው እስከ መኪናው ድረስ ሲያጉረመርሙ ነበር። አንዷን ለቃለ መጠይቁ፣ አንዷን ለማሰረዣው ፋይል አልኳቸው። ሦስተኛዋ አሁን ዲቪ የደረሳቸው ጊዜ ከመጣላቸው ደብዳቤ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አልጋቸው ሥር ናት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጠያቂዋ ያችው ነበረች። ቅጹ ላይ ‘የለም’ ያሉት ‘አዎ’ ተብሎ እንዲታረም ጠየቁ፣ ለምን እንደተሳሳቱም አስረዱ። ወረቀቷን ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና ፋይሉ ውስጥ ከተተቻት።

‘ምን አለችዎት?’ አልኳቸው።

‘ምንም። ደቂቃም አልፈጀባት’ አሉኝ።